ቀዩ ያጣውን ጥቁሩ ወረሰ

ሁለት ጓል አፈር እናምጣ። አንዱ ከአማኑኤል ይሁን፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ካለችው የማቻከል ከተማ ዳርቻ። ሌላው ከቢቸና፣ ከእነማይ ሜዳ። ሁለቱም በደንብ የደረቁ ይሁኑ። የአማኑኤሉን ጓል በሁለት ጣት ጫን ብንለው ፍርክስ ይላል፤ ፍርካሹን ወደ ብርሃን ብናዞረው ደግሞ እንደ ለውዝ ፍሬ የተከፋፈለ፣ ገጹ ወዝ ያለው ሆኖ እናገኘዋለን። የቢቸናው በጣት የሚሆን አይደለም፤ መዶሻ ይፈልጋል። አሁን በሁለቱም ላይ ውኃ ጠብ እናድርግና እንሻቸው። ቀዩ መዳፋችንን አቅልቶ በአንድ እጥበት ይለቃል። ጥቁሩ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፤ በመዳፍ መካከል ስናድቦለቡለው እንደ ገመድ ይረዝማል፤ ልንታጠብ ስንል ጥፍር ስር ገብቶ አልወጣም ይላል።

ይህን ፈተና የማቻከልም የእነማይም ገበሬ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። አንዱን ቀይ አፈር፣ ሌላውን ዋልካ ወይም መረሬ ይለዋል። የአፈር ሊቃውንት ቀዩን ኒቲሶል ይሉታል፤ ስሙ የመጣው ያ ወዝ ካለው ገጹ ነው፣ በላቲን የሚያብረቀርቅ ማለት ነውና። ዋልካን ቨርቲሶል ይሉታል፤ እርሱም ከዚያው ከላቲን መገልበጥ ከሚል ቃል የወጣ ነው። ለምን እንደተባለ ቆየት ብለን እናያለን።

ሁለቱ አፈሮች አንድ እናት አላቸው። በሽታቸው ግን ለየቅል ነው። እንዲያም ሆኖ ለብዙ ዓመታት አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ በአንድ ዓይነት መጠን ሲታዘዝላቸው ኖሯል።

የጮቄ ልጆች

ከአማኑኤል ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከቢቸና ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሞጣ ደግሞ ወደ ደቡብ ብንመለከት የምናየው አንድ ተራራ ነው፤ ጮቄ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከእርሱ ጨሞጋና ጀደብ፣ ሙጋና ሱሃ የተባሉ ወንዞች በየአቅጣጫው ይፈልቁና ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ይሆናል። ጮቄ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት በእሳተ ገሞራ የተከመረ ተራራ ነው። የተቀመጠበት አምባም ቢሆን ከእርሱ ቀደም ብሎ፣ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከመሬት ስንጥቅ እየፈላ የፈሰሰ እሳት ሲረጋ የተሠራ ነው። ስለዚህ የአማኑኤል ቀይ አፈርም የቢቸና ጥቁር አፈርም ከአንድ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ፣ ከባዛልት፣ የተወለዱ ናቸው።

ታዲያ መልካቸውን ምን ለየው? ውኃ ነው። ባዛልት በውስጡ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም አለው፤ ሲሊካ አለው፤ ብረትና አሉሚኒየምም አለው። ዝናብ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ስለሚወርድ ትንሽ ይኮመጥጣል፤ ይህ ቀላል ኮምጣጤ በሺህና በሚሊዮን ዓመታት ድንጋዩን ይፍቀዋል። ዝናቡ ብዙ ሆኖ ውኃው ሰርጎ በሚያመልጥበት መሬት ላይ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ፣ ሲሊካውም ጭምር፣ ታጥበው ይሄዳሉ። የሚቀረው የማይሟሟው ብረትና አሉሚኒየም ነው። ብረት አየር ሲያገኝ ይዝጋል። የአማኑኤል ማሳ የቀላው ሜዳ ላይ የተረሳ ምስማር በሚቀላበት ምክንያት ነው።

ረባዳና ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ከላይ የታጠበው ይመጣል እንጂ የሚሄድበት የለም። ካልሲየሙ ከሲሊካው ጋር ተጣምሮ አዲስ የሸክላ ዓይነት ይሠራል፤ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር። ዋልካ የሚባለው ይህ ነው። ጄፍሪ ሚልን የተባለ እንግሊዛዊ የአፈር አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1935 በዛሬዋ ታንዛኒያ ኮረብታ ከአናቱ እስከ እግሩ የተለያየ አፈር የሚደረድረው በዚህ ሕግ መሆኑን አሳይቶ፣ ድርድሩን በላቲን ሰንሰለት ብሎ ሰየመው። በእኛ ቋንቋ ግን የውርስ ጉዳይ ነው፦ ቀዩ ያጣውን ጥቁሩ ወረሰ።

ገብስ የሸሸው መሬት

ካልሲየምና ማግኒዥየም ተጠርገው ሲሄዱ ቦታቸው ባዶ አይቀርም። ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይቀመጡበታል፤ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። አሲዳማነት የሚለካበት ፒኤች የሚባለው መስፈሪያ 7ን መካከለኛ ያደርጋል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል። ልብ ሊባል የሚገባው መስፈሪያው በ10 እጥፍ እየዘለለ የሚሄድ መሆኑ ነው። ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር ፒኤቹ 6 ከሆነው በአሲድ 10 ጊዜ ይበልጣል።

ወሰኑ 5.5 አካባቢ ነው። ከዚያ በታች፣ ድንጋይ ሆኖ ተኝቶ የነበረው አሉሚኒየም በአፈሩ ውኃ ውስጥ መሟሟት ይጀምራል። ለሥር ደግሞ የሟሟ አሉሚኒየም መርዝ ነው። አንድ የገብስ ቡቃያ ከእንዲህ ያለ ማሳ በጥንቃቄ ነቅለን ብናይ ነገሩ ይገባናል። የሥሩ ጫፍ ወፍራምና አጭር ነው፤ ጭራሮ ይመስላል፤ እንደ ፀጉር መርዘም የነበረባቸው ቅጥያዎች የሉም። ከሥሩ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ርጥበት እያለ ቡቃያው ይጠማል፤ ምግብ እያለ ይራባል። ገበሬው ከላይ የሚያየው ቢጫ ቅጠል ብቻ ነው።

ሁሉም ሰብል እኩል አይጎዳም። ገብስና ባቄላ ቶሎ ይሸነፋሉ። ጤፍና ድንች የተሻለ ይችላሉ። እንግዶ ደግሞ ከሁሉም ይጠነክራል። በጮቄ ግርጌ ገብስ ይዘራበት የነበረ መሬት ወደ እንግዶ፣ ከእንግዶም ወደ ባሕር ዛፍ ሲሄድ ያየ ሰው፣ ላቦራቶሪ ሳይገባ የፒኤች መዝገብ እያነበበ ነው ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል፤ ዝናብ የሚበዛባቸው የምዕራብና የሰሜን ምዕራብ ደጋዎች ደግሞ ቀዳሚዎቹ ናቸው።

ቀይ አፈር ሌላም አመል አለው። ፎስፎረስ ሲሰጡት ብረቱና አሉሚኒየሙ ቀምተው ይቆልፉበታል። ፎስፎረሱ ከማሳው አልወጣም፤ ግን ሰብሉ አይደርስበትም። ቁልፉን የሚያውቅ አንድ ተክል ጎጃም ውስጥ አለ፤ ግብጦ። ግብጦ ፎስፎረስ ሲያጥረው እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያሉ ሥሮች ያበቅልና ከእነርሱ የሎሚ ዓይነት አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱም የተቆለፈውን ያስለቅቃል። በዚያ ላይ ጥራጥሬ ስለሆነ በሥሩ እብጠት ካሉት ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ይስባል። ለቀናት በውኃ ካልተዘፈዘፈ ምሬቱ የማይለቅ፣ የችግር ቀን እህል ተብሎ የሚናቅ፣ አረቄ ሲወጣለት ብቻ የሚወደስ ይህ ሰብል፣ ለከሳ ቀይ መሬት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ራሱን የሚያርስ አፈር

ወደ ቢቸና እንሻገር። እዚህ ጉዳዩ ማጣት አይደለም፤ ጥጋብ ነው። ዋልካ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሞልቶታል፤ ፒኤቹም ለአብዛኛው ሰብል ምቹ ነው። ችግሩ ውኃ ላይ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ክንድ የሚያስገባ ይሆናል። ከላይ ያለው ብናኝ ወደ ስንጥቁ ይረግፋል። ክረምት ሲገባ አፈሩ ያብጣል፤ የገባው ብናኝ ቦታ ስለያዘ የታችኛው ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ መንገድ አፈሩ ከዘመን ዘመን ራሱን ይገለብጣል፤ ቨርቲሶል የተባለው ለዚህ ነው። በእርሱ ላይ የቆመ አጥር ይንጋደዳል፤ ግድግዳም ይሰነጠቃል። ሕንዶች የጥጥ መሬት እያሉ የሚኮሩበት የደካን ጥቁር አፈር የዚሁ ዘመድ ነው። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንዲህ ያለ መሬት አለ።

ሐምሌ ላይ ስንጥቁ ሲደፈን ውኃው መውረጃ ያጣል። ማሳው ይተኛበታል። ሥር አየር ያጣል፤ አየር ያጡ ባክቴሪያዎችም የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ከናይትሬት ላይ ይነጥቁና ናይትሮጅኑን ወደ ሰማይ ይለቁታል። ለዚህ ነው በዋልካ ላይ በሐምሌ ጎርፍ መካከል የተበተነ የዩሪያ ማዳበሪያ ብዙ ጊዜ ለአየር የተበተነ የሚሆነው።

የቢቸና ገበሬ ለዚህ መልስ ያበጀው ዛሬ አይደለም። ውኃ የሚችለውን ጤፍ ለእርጥቡ ወቅት ሰጠ፤ ሽምብራና ጓያን ዝናቡ ሲያባራ መስከረም ላይ ዘራ፤ ዋልካ ያቆረውን ርጥበት እየጠጡ ያለ ዝናብ ያፈራሉ። ጓያ ሲበዛ እግር እንደሚያሽመደምድ እያወቀ እንኳ የዘራው፣ በሌላ የማይታመን መሬት ላይ የሚታመን ስለሆነ ነው። ማሳውንም በማረሻ ሰያፍ ቦይ ያወጣለታል፤ ፈሰስ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ይህንኑ አሳብ ይዘው ሰፊ መደብና ቦይ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ፣ በሁለት በሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠሩ፤ የግብርና ባለሙያዎች ቢቢኤም ይሉታል። ጥቅሙ ውኃውን ማስወጣት ብቻ አይደለም። ስንዴ በሰኔ መጨረሻ እንዲዘራ ያስችላል፤ ስለዚህ መሬቱ ኃይለኛው ዝናብ በሚወርድበት ወቅት ራቁቱን አይቀመጥም።

አንድ ማዘዣ ለሁለት በሽተኛ

የፋብሪካ ማዳበሪያ በኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ላይ በስፋት መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባገዘው ዘመቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቁጥር አገር አቀፍ ሆነ፦ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። እናስላው። ዳፕ ከመቶው 18 እጁ ናይትሮጅን፣ 46 እጁ ፎስፌት ነው። ዩሪያ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። ሲደመር 64 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት ማለት ነው። ቁጥሩ ለማስተማርም ለማከፋፈልም ቀላል ነበር፤ በብዙ ቦታም ምርት ጨምሯል።

ነገር ግን ያው ኩንታል አማኑኤል ሲደርስ ፎስፌቱን ብረት ይቆልፈዋል፤ ቢቸና ሲደርስ ናይትሮጅኑን ረግረግ ይበላዋል። ካርል ስፕሬንግልና ዩስቱስ ሊቢግ የተባሉ ጀርመናውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩት ሕግ እዚህ ላይ ይሠራል፤ ምርትን የሚወስነው በብዛት ያለው ሳይሆን ከሁሉም ያነሰው ነው። ጠምዶ ለሚያርስ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሞፈር የሚሄደው በደካማው በሬ እርምጃ ነው፤ ጉልበተኛውን በሬ የቱንም ያህል ቢቀልቡት ፈሩ አይረዝምም። በአማኑኤል ደካማው በሬ አሲዱ ነው። በቢቸና ደካማው በሬ ውኃው ነው። ማዳበሪያው የሚቀልበው ጉልበተኛውን ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። በዩሪያም በዳፕም ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ያስቀራል። ቀድሞም አሲዳማ በሆነ ቀይ መሬት ላይ ዓመት በዓመት ያለ ሌላ እንክብካቤ ማዳበሪያ ብቻ መጨመር፣ በሽታውን ቀስ እያሉ መመገብ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ሳይሆን፣ እዚህ ገበሬው ቸግሮት ይበደራል፤ የተበደረበትን ግን መሬቱ ይቆልፍበታል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ሥርዓት፣ ኢትዮሲስ፣ በየወረዳው አፈር እየሰበሰበ ሲመረምር ከናይትሮጅንና ከፎስፎረስ ሌላ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ የጎደለበት መሬት ብዙ መሆኑ ታየ። ዳፕ በኤንፒኤስ ተተካ፤ 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ ፎስፌት፣ 7 እጅ ድኝ ያለበት። ይህ በጎ እርምጃ ነበር። ሆኖም ከረጢቱ ውስጥ ያለውን መለወጥና ከረጢቱ የሚፈስበትን መሬት ማሰናዳት ሁለት ሥራ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬዎች በማዳበሪያ እጥረት አደባባይ እስከ መውጣት መድረሳቸው ደግሞ፣ እጅ የገባችው እያንዳንዷ ኪሎ ባክና መቅረት እንደሌለባት አስታውሶናል።

ከዓባይ በረሃ የሚወጣው መድኃኒት

አሲድን የሚያስታግሰው ኖራ ነው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ካልሲየሙ የሃይድሮጅኑንና የአሉሚኒየሙን ቦታ ይቀበላል፤ ሃይድሮጅኑ ውኃ ሆኖ ያርፋል፤ አሉሚኒየሙ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የተቆለፈው ፎስፎረስም በከፊል ይለቃል። ስለዚህ ኖራ በራሱ ምግብ ባይሆንም የማዳበሪያውን ዋጋ ያስመልሳል።

ከአዲስ አበባ መጥቶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጀን የወጣ መንገደኛ ይህን ድንጋይ በዓይኑ አይቶታል። በገደሉ ግድግዳ ላይ፣ ከጥቁሩ ባዛልት በታች፣ ነጣ ያለ ወፍራም ድርብርብ አለ። በዳይኖሰሮች ዘመን እዚህ ባሕር ነበር፤ ድርብርቡ የዚያ ባሕር ደለል ነው። ደጀን ላይ እየተፈጨ ለእርሻ ኖራ ይሆናል። የጎጃም ቀይ አፈር ያጣው ካልሲየም ከራሱ እግር በታች ተቀምጧል ማለት ነው።

አስቸጋሪው ጭነቱ ነው። ከደጀን እስከ አማኑኤል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ አስፋልቱ መኪና ያደርሰዋል። ከአስፋልቱ እስከ ማሳው ግን አህያ ነች። ለሄክታር 2 ቶን ብቻ ይበቃል ብንል 20 ኩንታል ነው፤ አንዲት አህያ 50 ኪሎ ብትጭን 40 ምልልስ። በጣም ለኮመጠጠ መሬት ደግሞ ከዚህም በላይ ይጠየቃል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይመከራል። አንደኛ፣ ሳይመረመር አይበተን፤ የሚያስፈልገው መጠን ከማሳ ማሳ ይለያል፤ ዋልካ ላይ የተበተነ ኖራ ደግሞ የባከነ ድካም ነው። ሁለተኛ፣ በመስመር የሚዘራ ሰው ትንሹን መጠን በየዓመቱ በዘሩ መስመር ላይ ቢያደርገው አንድ ጊዜ ሙሉውን ከመበተን ይቀልለዋል። ኖራ ከመዝሪያው አስቀድሞ ቢገባና በእርሻ ቢቀላቀል ይሻላል፤ በግመሳና በስለሳ መካከል ቢውል ከአፈሩ ጋር ለመዋሐድ ጊዜ ያገኛል።

አፈሩ ከሄደ

ይህ ሁሉ የሚሆነው አፈሩ ካለ ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሄዱ የጮቄን ምሥራቃዊና ሰሜናዊ ተዳፋት ተከትሎ እርሻው ገደል አፋፍ ድረስ ይወጣል። ሜዳ ላይ ማሳን ያዳነው ፈሰስ ተዳፋት ላይ ሲሆን ቦረቦር ይወልዳል፤ የእኔ ፈሰስ የሚያበቃው የጎረቤቴ ማሳ ላይ ነውና፣ የእርሱም ወደ ታች ከሚቀጥለው ላይ።

ከአማኑኤል ብዙ ሳይርቅ፣ ከደምበጫ በስተሰሜን፣ አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። 113 ሄክታር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመበት፤ በ1986 ማሳዎቹ ሁሉ ፋንያ ጁ በሚባል እርከን ተሸነሸኑ። ቃሉ ስዋሂሊ ነው፤ ወደ ላይ አድርግ ማለት። ቦዩ ይቆፈርና አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ይጣላል። የሚደንቀው ቀጥሎ የመጣው ነው። በየክረምቱ ከላይ የሚጠረገው አፈር ከእርከኑ ጀርባ እየቆመ፣ በየዓመቱ እርሻውም እየገፋው፣ ተዳፋቱ ቀስ በቀስ ደረጃ ሆነ። ማንም በአንድ ቀን ደረጃ አልሠራም፤ እርከኑ ቆመ፣ ጎርፍና ማረሻ ሠሩት። በአንጻሩ በየጥሩ በዘመቻ ተቆፍሮ በሚያዝያ ከብት የሚረግጠው እርከን ለዚህ አይደርስም። እርከን የሚያድገው ከተጠበቀ ነው።

ከቤቱ ጀርባ ያለው ክብ

ወደ አማኑኤል እንመለስና ከአንድ ገበሬ ቤት ጀርባ እንቁም። አመድ የሚደፋው እዚህ ነው፤ የበረት ጥራጊም ወዲህ ይወድቃል። ጎመኑ ወፍሯል፤ ዱባው አጥር ላይ ወጥቷል፤ በቆሎው ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ላይ እንግዶው ስስና ቢጫ ነው። ዝናቡም ባለቤቱም አንድ ናቸው፤ አፈሩም ሲወለድ አንድ ነበር። ልዩነቱ አመዱ እንደ ኖራ አሲዱን ማብረዱ፣ ጥራጊው ደግሞ ብረት የማይቆልፈው ምግብ መሆኑ ነው።

ይህ በቤቱ ዙሪያ የለማው ክብ ለምን አይሰፋም? ምክንያቱ ምድጃው ነው። እበቱ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል። ገለባው ለከብት ነው። ከ1 ኩንታል እህል ጋር 1.6 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ከማሳው ይወጣል፤ የሚመለስ ግን የለም። እዚህ ላይ በብዙ የሚወቀሰው ባሕር ዛፍ አንድ ምስክር ይገባዋል። ከምንጭና ከእህል ማሳ ዳር ሲተከል ይጎዳል፤ ለእርሻ በማይሆን ጭንጫ ላይ ሲተከል ግን ማገዶ ይሆናል፤ ማገዶ ያለው ቤት ኩበት አያነድም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም እንዲሁ የእርሻ መሣሪያ ሊባል ይገባዋል።

ፍግ ብቻውን ለሁሉም ማሳ አይበቃም፤ ከብቱም ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ፍግና ኮምፖስቱ፣ በልኩ የተሰጠው ኖራና ማዳበሪያው፣ ባቄላውና ግብጦው በፈረቃ አብረው ይመጣሉ። ክቡ የሚሰፋው በአንድ ዓመት አይደለም። ዘንድሮ ከክቡ ቀጥሎ ያለው አንድ ጥማድ ይመረመራል፣ ኖራውን ያገኛል፣ ባቄላ ይዘራበታል። ባቄላው ከያዘ፣ በሚቀጥለው ክረምት ገብሱ ይሞከራል።